ጣርማ በር ተራራ ነው አይደለም? የልጄ የቤት ሥራ ቤቱን አመሰው

ወይዘሮ_በሶ · ደብረ ብርሃን · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አጣልቶናልና ዳኙን።

ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። «በአካባቢያችሁ ያሉትን የመሬት ገጽታ ዓይነቶች ከነአፈጣጠራቸው ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ተሰጣት። ተራራ፣ ኮረብታ፣ ሜዳ፣ አምባ፣ ሸለቆ ብላ ከመጽሐፉ ገለበጠች። እስከዚህ ሰላም ነበር። ምሳሌ ላይ ስትደርስ ለተራራ «ጣርማ በር» ብላ ጻፈች። መምህሯ በቀይ ኤክስ አደረገባት። ለምን እንደሆነ አልጻፈም፣ ኤክስ ብቻ።

ማታ ወንድሜ ሊጠይቀን መጣና ነገሩን አባሰው። «መምህሩ ልክ ነው» አለ። «ከዚህ ተነስተሽ ጣርማ በር እስክትደርሺ መቼ ተራራ ወጣሽ? ሜዳ ለሜዳ ሄደሽ ሄደሽ መሬቱ ያልቃል። ይሄ ተራራ ነው?» ባለቤቴ ደግሞ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። «እኔ ደጃችን ቆሜ አንጋጥጬ እያየሁ ያደግሁትን ጋራ ነው ወይ የለም የምትለኝ?» ብሎ ተነሳበት። ወጡ ቀዘቀዘ። ልጅቷ መሀላቸው ተኛች።

እርማቱ ዓርብ ነው የሚመለሰው። ማን ነው ልክ? አፈጣጠሩንም በልጅ ቋንቋ የሚያስረዳልኝ ካለ በሶ እጋብዛለሁ።

ኤፍኤስአሩ · መንገድ ላይ · ሰኞ ማታ

እኔ ልፍረድ። በወር ሦስት አራቴ አልፍበታለሁ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ እስከ ጣርማ በር ያለውን ታውቂዋለሽ። ገብስ፣ በግ፣ ብርድ፣ እንደገና ገብስ። ድንገት ጣልያን የቦረቦረው ዋሻ ይመጣል። በወዲያኛው አፍ ብቅ ስትዪ መሬት የለም! ጉም ከወረደ ደግሞ ሰማይም የለም። ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት በሞተር ፍሬን ነው። በጃኬት ገብተሽ በካናቴራ ትወጫለሽ።

አሁን የምመለስበትን ስሙኝ። ሽንኩርት ጭኜ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትኩ እወጣለሁ። ዋሻውን አልፋለሁ። ከዚያ ቁልቁለቱ የታለ? የለም። ተራራ የወጣ ሰው መውረድ አለበት። እኔ ወጥቼ ቀረሁ። ከወንድምሽ ጋር ነኝ።

ቀወቴ · ሸዋ ሮቢት · ሰኞ ማታ

ከባለቤትሽ ጋር ነኝ፣ ምንም ጥያቄ የለውም። እኛ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ግድግዳ ፊታችን ቆሞ ፀሐይ ስትገባብን እያየን፣ ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ምድጃ ዳር ተቀምጦ «ተራራ የለም» ይለናል። ይሄ የደጋ ሰው ትዕቢት ነው 😄

የመንዝ_ባና · ማክሰኞ ጠዋት

ልጆች፣ ከመጣላታችሁ በፊት ስሙን አዳምጡት።

ጣርማ «በር» ነው የሚባለው። አንኮበርም መጨረሻው በር ነው። የጥንት ሰው ስም ሲያወጣ ቦታውን አይቶ ነው። ከደጋው ወደ ቆላው የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ስለሆነ በር አለው። በር ያለው ደግሞ ግድግዳ ላይ ነው።

ሌላም ልጨምር። የእኛ የመንዝ ከተማ መሐል ሜዳ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጦ ስሙ ሜዳ! የሰሜን ሸዋ ዞን የመጨረሻው ከፍታ ደግሞ ወደ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ስሙ ማነው? አቡዬ ሜዳ። እሱም ሜዳ። ካርታ የሚሠራው ሰው «ተራራ» ብሎ ይጽፈዋል። ላዩ ላይ ከብት ያሰማራ ሰው ሜዳ ይለዋል። እኔ በግ ጠባቂ ሆኜ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በግ ከዚያ ሜዳ ጫፍ ሲንሸራተት ግን ሜዳ አይደለም፣ ገደል ነው።

ወይዘሮ_በሶ · ማክሰኞ ጠዋት

አባባ ባና፣ እድሜ ይስጥልኝ! አቡዬ ሜዳን ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ «ሜዳ» የሚለውን ግን አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። ወንድሜ ይህን ካነበበ ሌላ ሳምንት አያስተኛንም።

አለት_ቆጣሪ · ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

ሥራዬ ድንጋይ ማየት ነው። ጀማ ሸለቆ ውስጥም፣ ጣርማ በር አፋፍ ላይም መዶሻ ይዤ ዞሬያለሁ። አባባ ባና በሁለት ስም የጨረሱትን እኛ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጠን ነው የተማርነው።

ችግሩ «ተራራ» ሲባል ሁላችንም መሬት ወደ ላይ ሲከመር ነው የሚታየን። እንደዚያ የተሠሩ አሉ። ህንድን የተሸከመው የምድር ቅርፊት እስያን ገፍቶ መሬቱ እንደ ነጠላ ተሸብሽቦ የተነሳው ሂማላያ አንዱ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ከፍታው መጣ። ሸለቆውና ገደሉ በኋላ ተቆረጠ። ብዙ ጊዜ ተራራ የምንለው ሳይቆረጥ የተረፈውን ነው።

ልጅቷ እንዲገባት በእንጀራ ላስረዳ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድሪቱ በረጃጅም ስንጥቅ ተሰነጠቀች። ከስንጥቁ ቅልጥ አለት ወጣ። እንደ ሾጣጣ እሳተ ገሞራ ሽቅብ አልተተኮሰም። እንደ ቀጭን ሊጥ ምጣዱን ሞልቶ ፈሰሰ። በረደ፣ ደረቀ። ላዩ ላይ ሌላ ፈሰሰ። እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደሚደረደር ተደራረበ። በአንዳንድ ቦታ ቁልሉ ወደ 2,000 ሜትር ይደርሳል። ያ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ቤታችሁ መሠረት ውስጥም አለ። መሐል ሜዳ፣ ደብረ ብርሃን፣ እነዋሪ የተቀመጡት የዚህ ቁልል አናት ላይ ነው። በመጽሐፍ አምባ ምድር ወይም ፕላቶ የሚሉት ይሄንን ነው።

ቁልሉ ከጎን ሲታይ ደረጃ ደረጃ ነው። ጠንካራው ባዛልት ቀጥ ያለ ገደል ይሆናል። በሁለት ፍሳሽ መሀል ያለው አመድና ቀይ አፈር ለስላሳ ስለሆነ ይንሸራተትና ጠባብ መደብ ይሠራል። ገበሬው ያቺን መደብ ነው የሚያርሳት። የዚህ ዓይነቱ ድንጋይ በዓለም ዙሪያ «ትራፕ» ይባላል፤ ከስዊድን ቋንቋ የመጣ ነው፣ ደረጃ ማለት ነው። ስዊድኖች ምንጣፍ ያነጠፉበትን እኛ ገብስ ዘርተንበታል።

አንድ የምትኮሩበት ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያ ባዛልቶች በሥነ ምድር መጻሕፍት ውስጥ በአገር ቤት ቦታዎች ስም ነው የተከፋፈሉት። አሸንጌ፣ አይባ፣ አላጄ እያለ ይሄድና ከላይኞቹ አንዱ «ጣርማ በር» ነው። የመምህሩን ኤክስ አልደግፍም፣ አልቃወምምም። ስሙ ግን ከቤት ሥራ ደብተር አልፎ ሩቅ ሄዷል።

ኤፍኤስአሩ · ማክሰኞ ማታ

እነዚያ መንገዱ ዳር እንደ ተጠረበ እንጨት ተሰልፈው የቆሙት ድንጋዮችስ? ረዳቴ «የድሮ ነገሥታት ያስጠረቡት ነው» ብሎ ይምላል።

አለት_ቆጣሪ · ማክሰኞ ማታ

ማንም አልጠረባቸውም። ወፍራም ፍሳሽ ቀስ ብሎ ሲበርድ ይኮማተራል። ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቀው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ዘልቆ መሄዱ ነው። ብዙ ጊዜ ስድስት ጎን ያለው ምሰሶ ይወጣል። ረዳትህን አታሳፍረው፣ ቀስ ብለህ ንገረው።

ጥያቄ_አለኝ · ማክሰኞ ማታ

ግን ጣርማ በር ለምን እዚያ ጋ ተቆረጠ? እንጀራው ከተደረደረ ለምን አፋር ድረስ አልቀጠለም?

አለት_ቆጣሪ · ማክሰኞ ሌሊት

ቀጥሎ ነበር። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ከሥር ያለው ሙቀት አገሩን በሙሉ እርሾ እንደገባበት ሊጥ አነፋው። የተነፋ ነገር ይወጠራል። የተወጠረ ነገር ይሰነጠቃል። የዓረቢያ ምድር፣ የሶማሌ በኩል ያለው ምድርና የእኛ ምድር በሦስት አቅጣጫ መጎተት ጀመሩ። በምሥራቅ በኩል ያለው ወለል እየተሰበረ እየተሰበረ ወደ ታች ሰመጠ። አፋርና ስምጥ ሸለቆው እንዲህ ተፈጠሩ። እኛ ጋ ሳይሰምጥ የቀረው ጠርዝ ጣርማ በር፣ አንኮበር፣ የመንዝ አፋፍ ሆነ። «የምኒልክ መስኮት» የሚሉት ቦታ ቆመው ጭላዳ ሲያዩ፣ እግራችሁ ሥር ያለው ባዶ ቦታ በአንድ ወቅት ድንጋይ ነበር።

ድፎ ዳቦ አስቡ። ግማሹ ሰሃኑ ላይ አለ። ግማሹ ተቆርሶ ወደ ታች ወርዷል። ወንድምሽ ዳቦው ላይ ሆኖ ያያል። ባለቤትሽ ሰሃኑ ላይ ሆኖ ያያል። ጣርማ በር የዳቦው ጠርዝ ነው። በእኛ ሙያ አፋፍ እንለዋለን።

ቀወቴ · ረቡዕ ጠዋት

እሺ፣ እኔ የተቆረሰው ፍርፋሪ ላይ ነው ያለሁት ማለት ነው። ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሮቢት ሜዳ ነው፣ መስኖ የሚጠጣ ልጥጥ ያለ ሜዳ። ሰብሮ የጣለው መሬት እንዴት እንዲህ ተስተካከለ? መሐል ሜዳም ሜዳ፣ እኛም ሜዳ?

አለት_ቆጣሪ · ረቡዕ ጠዋት

የዚህ ሁሉ ክር ምርጥ ጥያቄ ይሄ ነው፤ አንድ ስም ይዘው አባታቸው የተለያየ ነው።

መሐል ሜዳ ሜዳ የሆነው ስላልተነካ ነው። ቅልጥ አለቱ ዘርጋ ብሎ ፈሰሰ፣ ወንዙ ገና በልቶ አልጨረሰውም። ሮቢት ግን ሜዳ የሆነው ስለተሞላ ነው። መሬቱ ሲሰበር አፋፉን ተከትሎ ጠባብ ጠባብ ገንዳዎች ተፈጠሩ። የሮቢት አንዱ ነው። ወደ ሰሜን ስትሄድ ቦርከና ሌላው። ከጣርማ በር የሚወርደው ጎርፍ በሺህ ዓመታት ጠጠርና ደለል እያመጣ ገንዳውን ሞላው። ሽንኩርትህ የበቀለበት አፈር የመጣው ከደብረ ሲና በላይ ካለው ገደል ነው። የደጋውን ሰው ትዕቢተኛ ከማለትህ በፊት አፈሩን መልስለት 😄

ቀወቴ · ረቡዕ ጠዋት

አንመልስም። ለአፈሩ ቲማቲም እየላክን እየከፈልን ነው።

የጅሩ_ሰንጋ · እነዋሪ · ረቡዕ ከሰዓት

ሁላችሁም ወደ ምሥራቅ ብቻ ታያላችሁ። ወደ ምዕራብ ዞር በሉ እንጂ!

ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሜዳው ያልቅና ጀማ ይመጣል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል። ወርደህ ወንዙን ተሻግረህ እንደገና ትወጣለህ። ወዲያ ማዶ ስትደርስ የተውከውን ሜዳ በዚያው ከፍታ ታገኘዋለህ። አያቴ መርሐቤቴ ዘመድ ነበራት። «ከእኛ ደጅ ጭሳቸው ይታያል፣ ለቅሶ ለመድረስ ግን ቀኑ ይመሻል» ትል ነበር።

ይሄን ያህል የቆፈረው ያ በበጋ በእግር የምንሻገረው ወንዝ ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር። ክረምት ላይ ቆሜ ካየሁት ወዲህ አምናለሁ። ውሃው አይደለም የሚያስፈራው፣ በሆዱ የሚያንኳኳው ድንጋይ ነው። እንደ ነጎድጓድ ይሰማል።

የእኛን የጅሩን ሜዳ ደግሞ አትርሱ። መረሬ አፈር ነው። በክረምት ውሃ ቋጥሮ ይይዛል፣ በበጋ እግር እስኪገባ ይሰነጠቃል። ስንዴው እንዳይበሰብስ ሰው በእጁ መደብ እያወጣ ውሃውን ያጠነፍፋል። ያ ጥቁር አፈር ከየት መጣ?

አለት_ቆጣሪ · ረቡዕ ማታ

ከዚያው ከባዛልቱ። ባዛልት ዝናብና ሙቀት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይበሰብስና ሸክላነት ያለው ጥቁር አፈር ይሆናል። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ውሃው አፈሩን ይዞ አይሄድም። ስለዚህ ይወፍራል።

ጀማን በተመለከተ ያየኸው ልክ ነው። ውሃ ብቻውን ባዛልት አይቆርጥም። የተሸከመው ድንጋይ ነው እንደ ሞረድ የሚሠራው። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ወንዙ ቁልቁለት ያገኛል፣ ጉልበት ያገኛል። አባይ ወለሉን ሲቆፍር ጀማም እሱን ለመድረስ ይቆፍራል፣ ወንጪትም ጀማን ለመድረስ ይቆፍራል፣ በረሳም እንዲሁ።

ብርዱም ያግዛል። የደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ቀላል ሠራተኛ አይደለም። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ማታ ይሰፋል፣ ቀን ይቀልጣል። ድንጋዩ ይለቃል። ክረምት ሲመጣ ወንዙ ይወስደዋል።

ወይዘሮ_በሶ · ረቡዕ ማታ

በረሳን ጠሩት እንዴ! ደጃችን ነው። ልብስ አጥበንበታል። እሱ ነው ወይ ገደል የሚቆፍረው?

አለት_ቆጣሪ · ረቡዕ ማታ

አዎ እህቴ። ይሄን ለልጅሽ ንገሪያት። በረሳ ጀማ ይገባል፣ ጀማ አባይ ይገባል፣ አባይ ሜዲትራኒያን ባሕር። አፋፉ ጫፍ ላይ ግን ዝናብ አንድ ክንድ ወደ ምሥራቅ ብትወድቅ ዕጣዋ ይቀየራል። በሮቢት ወይም በአንኮበር ሥር ባለው በአይራራ በኩል ወደ አዋሽ ትወርዳለች። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ሁለት ጠብታ ከአንድ ደመና ወርደው አንዷ ግብፅ፣ አንዷ አፋር።

ጥያቄ_አለኝ · ሐሙስ ጠዋት

ጀማ ታች ስንወርድ ነጭ ድንጋይ ውስጥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል ነገር አየሁ። አጎቴ የኖኅ ውሃ ነው ይላል። እናንተስ?

አለት_ቆጣሪ · ሐሙስ ጠዋት

የአጎትህን እምነት አልነካም። ድንጋዩ የሚለውን ልንገርህ።

ጀማ ያን ሁሉ ባዛልት ቆርጦ ጨርሶ ከሥሩ ያለውን አገር ገልጦታል። ስትወርድ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ ታገኛለህ። የኖራ ድንጋዩ የጥልቅ ያልሆነ ባሕር ወለል ነው። ቅርፊት ያላቸው እንስሳት ሞተው ተከማችተው፣ ተጨምቀው ድንጋይ ሆነዋል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለው። ባዛልቱ ከፈሰሰበት ጊዜ አምስት እጥፍ ይርቃል። ለሚ አካባቢ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም ይህን የኖራ ድንጋይ ተከትሎ ነው። ቤትህ ሲለሰን ግድግዳው ላይ የተቀባው ያ ባሕር ነው።

ባሌ ሶፍ ዑመር ያለው ዋሻም በእንደዚህ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ውሃ አሟሙቶ የሠራው ነው። ባዛልት እንደዚያ አይሟሟም።

ምንጃሬ · አረርቲ · ሐሙስ ከሰዓት

እኛን ረሳችሁን። ምንጃርም ሰሜን ሸዋ ነው!

ስለ ተራራ ካነሳችሁ እኛ ጋ እውነተኛው አለ። ከእኛ ወደ መተሐራ በኩል ስታዩ ፈንታሌ ቁጭ ብሏል። ዙሪያውን ብትዞሩት ተራራ ነው፣ በየትኛውም በኩል ብትወጡ በሌላው ትወርዳላችሁ። አናቱ ላይ ትልቅ ጎድጓዳ አለ። ለኤፍኤስአሩ ሕግ ፍጹም ይስማማል።

ግን ስሙ ሲነሳ ሆዴ ይፈራል። በ2017 መስከረም የጀመረው መንቀጥቀጥ ሲያስጨንቀን የከረመው ከፈንታሌና ከዶፈን በኩል እየመጣ ነበር። ማታ ማታ ዕቃ ይንጫጫል። ልጆች ውጭ ይተኛሉ። አፋር በኩል መሬት ተሰንጥቆ ሰው ቀዬውን ለቅቋል። አለት_ቆጣሪ፣ ይሄ ሁሉ ድሮ ያለቀ ታሪክ ነው ወይስ አሁንም እየሠራ ነው?

አለት_ቆጣሪ · ሐሙስ ማታ

እየሠራ ነው ወንድሜ። ስምጥ ሸለቆው እናንተ አካባቢ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። ጥፍር እንኳን ከዚያ በላይ ያድጋል። ነገር ግን ሁልጊዜ ቀስ ብሎ አይሄድም። ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ በአንዴ ይለቃል። በ2017ቱ ጊዜ ቅልጥ አለት ወደ ላይ ሳይወጣ በመሬት ውስጥ በጎን ሰርጎ ሄደ። እሱ ሲገፋ ነው መሬቱ የተንቀጠቀጠው። በ1998 መስከረም አፋር ደብባሁ ጋ ይሄው ሲሆን ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ተከፍቷል፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር።

ፈንታሌ ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው ወደ 200 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በምድር ሰዓት ትናንት ነው።

በነገራችን ላይ እሳተ ገሞራ የሠራው ተራራ ደጋውም ላይ አለ። ምገዘዝ ከባዛልቱ ሜዳ በላይ በኋላ የተጨመረ ነው። ስሜንም እንዲሁ፣ በኋላ ወንዝና በረዶ አበላሽተው አሳመሩት።

የመንዝ_ባና · ሐሙስ ማታ

የ1953ቱን ታስታውሱ ይሆን? እናንተ አልነበራችሁም። ግንቦት ላይ ነው። ካራቆሬ ተንቀጠቀጠ። ማጀቴ ከተማ ድምጥማጧ ጠፋ። የደሴ መንገድ ተሰነጠቀ፣ ተንሸራተተ። እኛ እላይ ደጋው ላይ ሆነን ማድጋው ከመደቡ ወረደ። እናቴ ማርያም ማርያም እያለች በጎቹን ሳይቀር አስወጣች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከአፋፉ ጠርዝ ጎጆ የሚቀልስ አልነበረም። አሁን ሰው በዝቶ እየረሳው ነው።

ቀወቴ · ሐሙስ ማታ

ጋሼ፣ መሬት ሳይንቀጠቀጥም ይሄዳል። ደብረ ሲና በታች ይዛባ ጋ በ1998 ክረምት መውጫ ላይ ተራራው ከነቤቱ ከነማሳው ነው የተንሸራተተው። ዘመዶቻችን ተፈናቅለዋል። ዛፉ ቆሞ እንዳለ ቦታውን ቀይሮ ተገኘ ብለውናል።

አለት_ቆጣሪ · ሐሙስ ማታ

ልክ ነው። አፋፉ ሥር የተሰባበረና የበሰበሰ ድንጋይ ተከምሯል። ቁልቁለት ነው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ከሥሩም ይለሰልሳል። ከዚያ ይሄዳል። እንደ ወፍዋሻ ያለ ጥንታዊ ደን የቀረበት ቁልቁለት ላይ የዛፉ ሥር ይይዘዋል፣ ውሃውንም ይጠጣለታል።

አወያይ · ሐሙስ ሌሊት

የምገዘዝ ተራራ የየትኛው ወረዳ ነው በሚል የተጻፉ 14 መልዕክቶች ተነስተዋል። ድንጋዩ ከወረዳው በፊት ነበር። ወደ ርዕሱ።

ኤፍኤስአሩ · ሐሙስ ሌሊት

አወያይ በዚህ ዓመት የተናገርከው ትልቁ ነገር ይሄ ነው 😂

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። ጉሙ ለምን ሁልጊዜ ዋሻው አፍ ላይ ብቻ ይቆማል? ወደ ደብረ ብርሃን 5 ኪሎ ሜትር ስትገባ ፀሐይ ነው።

አለት_ቆጣሪ · ሐሙስ ሌሊት

ከአፋር የሚመጣው ሞቃት አየር ግድግዳው ጋ ሲደርስ መሄጃ ያጣል። ሽቅብ ይወጣል። ሲወጣ ይበርዳል፣ እርጥበቱ ጉም ይሆናል። ጠርዙን ሲያልፍ ሜዳው ላይ ይበተናል። ጉሙ ራሱ ይመሰክርልሃል፤ አፋፉ የት እንደሆነ በነጭ ያሰምርበታል።

ወይዘሮ_በሶ · ደብረ ብርሃን · ዓርብ ማታ

ቃል በገባሁት መሠረት ተመለስኩ።

ሐሙስ ማታ ልጄን አስቀምጬ ሁሉን አነበብኩላት። የገባት ድፎ ዳቦው ነው። ጻፊ ስላት አልጻፈችም፣ ሣለችው። ዳቦ አለ። ላዩ ላይ በግ። በግማሹ ተቆርሷል። ጠርዙ ላይ ቀዳዳ አለ፣ በውስጡ አንድ ኤፍኤስአር እየወጣ ነው። ከታች ሽንኩርት። በግራ በኩል በቢላ የተሰነጠቀ ቦታ አለ፣ «ጀማ» ይላል። ራቅ ብሎ ለብቻው የተቀመጠ ጭስ የሚያወጣ ነገር አለ፣ ፈንታሌ መሆኑ ነው። ከሥሩ በራሷ ቃል «አባባ ባና እንዳሉት በር ያለው ግድግዳ ላይ ነው» ብላ ጨመረች። እኔ አልነገርኳትም!

ዛሬ ደብተሩ ተመለሰ። ኤክሱ እንዳለ ነው። ከጎኑ ግን መምህሩ «ይህን ሥዕል ሰኞ ሰሌዳ ላይ ትሥያለሽ» ብሎ ጽፎበታል። ኤክሱን ምን ቢያደርገው ይሻላል ብዬ ትንሽ ተናድጃለሁ፣ እሷ ግን ከደስታዋ ብዛት ራት አልበላችም።

ወንድሜ «አፋፍ ነው አላልኩም?» እያለ ነው። አላለም። ባለቤቴ ደግሞ «ከታች ለሚያየው አሁንም ተራራ ነው» ብሎ ሸዋ ሮቢት ለእናቱ ደወለ። እናቱ ምን እንዳሉት ታውቃላችሁ? «የምን ተራራ? አፋፉን ነው?» አሉት።

በሶው ተዘጋጅቷል።

ኤፍኤስአሩ · ዓርብ ሌሊት

ነገ ጠዋት በዚያ አልፋለሁ። በሶውን መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ እወስዳለሁ። ከዋሻው ስወጣ ለልጅቷ ፎቶ አነሳላታለሁ፣ ጉም ካልወረደ።